ነፋስ እስኪያልፍ፦ በሸራ ጀልባ መኖርና መጓዝ በቀይ ባሕር ላይ

በሱዳን የባሕር ዳርቻ፣ ባሕሩ ወደ የብስ ዘልቆ በገባበት ጠባብ ቦታ አንዲት የሸራ ጀልባ መልሕቋን ጥላ ቆማለች እንበል። ርዝመቷ 11 ሜትር ነው። ባልና ሚስት ይኖሩባታል። ሞተሩ ደኅና ነው፣ ሸራው አልተቀደደም፣ ናፍጣም ውሃም አላቸው። ያም ሆኖ ከቆሙ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። መሄድ የሚፈልጉት ወደ ሰሜን ነው፤ ኃይለኛው ነፋስም የሚመጣው ከዚያው ከሰሜን ነው።

የሸራ ጀልባ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በነፋስ የተነፋ ነጭ ሸራና ሰማያዊ ባሕር ነው። ጀልባዋን ቤቱ አድርጎ ለወራት የሚጓዝ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መጠበቅን ነው። የሚይዘው ውሃ፣ የሚጭነው ምግብ፣ የሚመርጠው መልሕቅ ሁሉ ለዚህ ያገለግላል፤ አየሩ ሲከፋ ሳይጨነቅ እንዲቆም፣ ሲከፈት ደግሞ እንዲነሣ። ይህ ኑሮ እንዴት እንደሚመራ ለማየት ቀይ ባሕር ጥሩ ምሳሌ ነው። ለእኛ ቅርብ ነው፤ በአንድ ጉዞ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ነፋሶች የሚያጋጥሙበትም ባሕር ነው።

አንድ ባሕር፣ ሁለት ነፋስ

ቀይ ባሕር ከደቡብ እስከ ሰሜን 2,250 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በጣም በሚሰፋበት ቦታ እንኳ ስፋቱ ከ360 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በግራና በቀኙ ተራሮች ስለተደረደሩ ነፋሱ ሸለቆ ውስጥ እንደገባ ሁሉ የባሕሩን ርዝመት ተከትሎ ይነፍሳል፤ ወይ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ።

በሰሜኑ አጋማሽ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የሚነፍሰው የሰሜን ሰሜን ምዕራብ ነፋስ ነው። የደቡቡ አጋማሽ ግን ወቅት ይለያል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነፋሱ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ደቡባዊ ነው ማለት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ የሰሜኑ ነፋስ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ይወርዳል። ይህ መገላበጥ ከእኛ ክረምት ጋር ዝምድና አለው። ዝናብ አምጪው የአየር ቀጠና በፀሐይ እየተሳበ ወደ ሰሜን ሲሸጋገር ደጋው ዝናቡን ያገኛል፤ የደቡብ ቀይ ባሕር ነፋስም አቅጣጫውን ይለውጣል።

ይህን የጥንት ሰዎችም ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ሞንሱን የሚለው ቃል ራሱ የመጣው "መውሲም" ከሚለው የዓረብኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ወቅት ማለት ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መመሪያ፣ ፔሪፕለስ፣ ጥንታዊቷን ወደብ አዱሊስን ሲገልጽ ነጋዴዎች ከግብፅ የሚነሡባቸውን ወራት ለይቶ ያስቀምጣል። ከሁሉ የሚመረጠው "ቶት" የሚባለው የግብፅ ወር ነው ይላል፤ ቶት የእኛው መስከረም ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊትም መርከበኛ የሚነሣበትን ቀን የሚቆርጠው ነፋስን አይቶ ነበር።

በዘመናችን ከእስያ ወደ ሜዲትራኒያን በሸራ የሚሄዱ ተጓዦች በአብዛኛው በጥርና በየካቲት የህንድ ውቅያኖስን ያቋርጣሉ፤ በዚያ ወቅት የሰሜን ምሥራቅ ሞንሱን ይደግፋቸዋል። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው በባብ ኤል መንደብ ይገባሉ። የዚህ ስም ትርጉም "የእንባ በር" ወይም "የሐዘን በር" ነው። በበጋ ነፋሱ በዚህ ጠባብ በር ሲያልፍ ተጨምቆ ስለሚፈጥን ብዙ ጊዜ ከ25 ኖት ይበልጣል። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ነፋሱ ከጀርባ ስለሚገፋ ጀልባዋ ወደ ምጽዋና ወደ ዳህላክ አቅጣጫ ትፈጥናለች።

ደስታው ግን ብዙ አይቆይም። ከኬክሮስ 18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው አካባቢ፣ ማለትም ከፖርት ሱዳን ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ ነፋሶች ይገናኛሉ። እዚያ ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ ሰማዩ ደመና ያረግዛል፣ አንዳንዴም ዝናብ ይጥላል። ከዚያ ወዲያ እስከ ስዊዝ ያለው ከ650 የባሕር ማይል በላይ ርቀት ፊት ለፊት ከሚመጣ ነፋስ ጋር የሚደረግ ግብግብ ነው። ነፋስ ከጀርባ ቢሆን በስድስት ቀን የሚያልቀው መንገድ ሳምንታት ይፈጃል።

ወደ ነፋስ መሄድ ለምን ይከብዳል?

የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ አትችልም። ሸራው ይርገበገባል እንጂ አይስብም። የምትችለው ነፋሱን ወደ አንድ ጎን አድርጋ በ45 ዲግሪ ያህል ሰያፍ መሄድ ነው። የተወሰነ ርቀት ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ዞራ ወደ ግራ፣ ዳገት እንደሚወጣ ጠመዝማዛ መንገድ ትጓዛለች። በዚህ ስሌት 100 ማይል ወደፊት ለመራመድ ቢያንስ 140 ማይል መሄድ አለባት። በዚህ ላይ ሞገዱ ፊቷን እየመታ ያዘገያታል። የቀይ ባሕር ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ ይታወቃል። ጀልባዋ ከአንዱ ሳትነሣ ሌላው ይደርስባታል።

"ታዲያ አትገለበጥም ወይ?" የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከሆዷ በታች እንደ ክንፍ የወረደ ከባድ የብረት ወይም የእርሳስ ክብደት አለ። ብዙ ጊዜ ከጀልባዋ ጠቅላላ ክብደት ሲሶ ያህሉን ይይዛል። ነፋስ ሲያጋድላት ይህ ክብደት መልሶ ያቆማታል። ስለዚህ መጋደል ለሸራ ጀልባ የዘወትር አካሄድ ነው። አሳሳቢ የሚሆነው ነፋሱ ሲበረታና ሸራው ሳይቀነስ ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ ሊታወስ የሚገባ ሕግ አለ። ነፋስ በእጥፍ ሲፈጥን ሸራው ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ10 ኖት ወደ 30 ኖት ቢያድግ ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ጠዋት በደስታ የነዳት ነፋስ ከሰዓት በኋላ ምሰሶዋን ሊሰብር የሚችለው ለዚህ ነው።

ማርሳ፦ የበረሃው ወደብ

የሱዳንና የግብፅ ጠረፍ ለተጓዥ አንድ ታላቅ ስጦታ አለው። በኮራል ቋጥኝ በታጠረው ዳርቻ እዚህም እዚያም ባሕሩ ወደ በረሃው የሚገባባቸው ጠባብ መግቢያዎች አሉ። ዓረቦች "ማርሳ" ይሏቸዋል፤ መልሕቅ መጣያ ማለት ነው። ብዙዎቹ የባሕሩ ከፍታ ዝቅ ብሎ በነበረበት ጥንታዊ ዘመን ጎርፍ የቦረቦራቸው ሸለቆዎች ናቸው፤ ኋላ ባሕሩ ከፍ ሲል ውሃ ሞላቸው። ውጭ ነፋሱ ሲያጉረመርም በማርሳው ውስጥ ውሃው ረጋ ይላል።

ጉዞው ከማርሳ ወደ ማርሳ የሚደረግ ነው። ጊዜውም የተመረጠ ነው። በዳርቻው አካባቢ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊትና ንጋት ላይ ይለዝባል፤ ቀኑ ሲሞቅ ይበረታል። ስለዚህ ተጓዦቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ተነሥተው በሞተርም በሸራም 20 ወይም 30 ማይል ይሄዱና ነፋሱ ሳይበረታ ረፋዱ ላይ ቀጣዩ ማርሳ ይገባሉ።

ይህ ሰዓት ሌላ ጥቅምም አለው። ኮራሉ የሚታየው ፀሐይ ከፍ ስትልና ከጀርባ ስትሆን ነው። በምዕራቡ ዳርቻ ያለ ማርሳ ሲገባ የሚኬደው ወደ ምዕራብ ስለሆነ የረፋድ ፀሐይ ከኋላ ታበራለች። አንዱ ሰው መሪውን ይይዛል፤ ሌላው ፊት ላይ ቆሞ የውሃውን ቀለም ያነባል። ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው። አረንጓዴ የሚመስለው አሸዋማና ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። ቡናማ ወይም ቢጫ ከሆነ ኮራሉ ከውሃው በታች ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሏል፤ ወደዚያ መቅረብ አይገባም። ጂፒኤስ ቢኖርም ዓይን አይተካም፤ የዚህ አካባቢ አንዳንድ የባሕር ካርታዎች የተመሠረቱት በአሮጌ ልኬት ላይ ስለሆነ ቋጥኙ ከተሣለበት ቦታ ፈቀቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

መልሕቅ የሚጣለው አሸዋ ላይ ነው። ኮራል ላይ ከተጣለ ለዘመናት ያደገውን ሕያው ነገር ይሰብራል፣ ሰንሰለቱም ይጠላለፋል። መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ሰንሰለቱ በባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ ወደ ጎን ሲጎትተው አሸዋው ውስጥ ይቀበራል፤ ወደ ላይ ከተሳበ ግን ይነቀላል። ለዚህ ነው በ6 ሜትር ጥልቀት ላይ 30 ሜትር ሰንሰለት የሚለቀቀው፤ ነፋሱ ሲከፋም ይጨመራል።

አየሩን ማንበብ

ዛሬ በሳተላይት ኢንተርኔት መሃል ባሕር ላይ ሆኖ የአየር ትንበያ ማግኘት ይቻላል። የአሜሪካውም የአውሮፓውም ዓለም አቀፍ የትንበያ ሞዴል በቀን ደጋግሞ ይታደሳል። ጥንቁቅ ተጓዥ ሁለቱን ያነጻጽራል። ከተስማሙ ልቡ ያርፋል፤ ከተለያዩ ደግሞ የከፋውን ይዞ ያቅዳል። የሦስት ቀን ትንበያ ለውሳኔ ይበቃል። የአሥር ቀኑ ግን አዝማሚያን ብቻ ያሳያል።

ሱዳን ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ሩቅ ነው፤ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ላይ። በዚያ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሲያልፍ በቀይ ባሕር የሰሜኑ ነፋስ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይደክማል፤ አንዳንዴም ተገልብጦ ከደቡብ ይነፍሳል። ለስድስት ቀን የጠበቁት ባልና ሚስት የሚፈልጉት ይህን ክፍተት ነው። ክፍተቱ አጭር ነው፤ ግፊቱ ካለፈ በኋላ የሰሜኑ ነፋስ ብዙ ጊዜ በርትቶ ይመለሳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ በግብፅ ኸምሲን የሚባለው ሞቃት የበረሃ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ አድማሱ ይጠፋል፣ ገመዱና ሸራው በአሸዋ ይሸፈናል።

ከትንበያው ጎን ባሮሜትር አለ። ይህ መሣሪያ የአየር ግፊትን ይለካል። በብሪታንያ የባሕር ትንበያ አነጋገር ግፊቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከ6 ሄክቶፓስካል በላይ ከወረደ "እጅግ በፍጥነት እየወረደ" ይባላል፤ ብርቱ ነፋስ ቀርቧል ማለት ነው። ነፋሱን ለመግለጽ እስከ ዛሬ የሚያገለግለውን መለኪያ ያዘጋጀው የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን ፍራንሲስ ቦፎርት ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1805 ነው። መለኪያው ከ0 እስከ 12 ይደርሳል። 4 ቁጥር ከ11 እስከ 16 ኖት የሚነፍስ ለጉዞ የሚመች ነፋስ ነው። 6 ቁጥር ከ22 እስከ 27 ኖት ይደርሳል፤ ለትንሽ ጀልባ ፈታኝ ነው። 8 ቁጥር፣ ከ34 እስከ 40 ኖት፣ ወደብ ውስጥ የሚያሳድር ነው።

የመጠበቅ ስንቅ

ሳይጨነቁ ለመቆም ስንቅ ያስፈልጋል። ቀዳሚው ውሃ ነው። ቀይ ባሕር በየሊትሩ 40 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ከውቅያኖሶች አማካይ ይበልጣል። የሚገባበት ቋሚ ወንዝ የለም፣ ዝናቡም ጥቂት ነው። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ አንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ቢፈልግ 300 ሊትር ታንከር ለሁለት ሰው ከአንድ ወር ጥቂት ያልፋል፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ዕቃ የሚታጠበው በባሕር ውሃ ሆኖ በመጨረሻ ብቻ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። አቅም ያላቸው ጨው የሚለይ ማጣሪያ ያስገጥማሉ፤ ማጣሪያው ግን ኤሌክትሪክ ይበላል።

ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከሶላርና ከባትሪ ነው። በዚህ ባሕር ፀሐይ አይጠፋም። ነገር ግን አቧራው ሶላሩን ስለሚሸፍን በየጊዜው መወልወል አለበት። ናፍጣ ደግሞ በጥንቃቄ ይቆጠራል። በሰዓት 2 ሊትር ተኩል የሚወስድ ሞተር በ150 ሊትር 60 ሰዓት ይሠራል፤ በረጋ ባሕር 300 ማይል ያህል ማለት ነው። ያን ሁሉ ከነፋስ ጋር በመታገል የጨረሰ ሰው ጸጥታው ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ምግቡ የሚበረክት ነው፦ ሩዝ፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመን፣ ያልታጠበ እንቁላል። ምድጃው ጀልባዋ ስታጋድል ድስቱ እንዳይደፋ በማጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርድና ይጠራቀማል፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ሲሊንደሩን መዝጋት የማይዘለል ልማድ ነው።

እንቅልፍም ስንቅ ነው። በጉዞ ላይ አንዱ ሦስት ሰዓት ሲጠብቅ ሌላው ይተኛል፤ ቀይ ባሕር የትላልቅ መርከቦች መተላለፊያ ስለሆነ ያለ ጠባቂ ማደር ነውር ነው። የአልጋው ጠርዝ የሚተኛው ሰው እንዳይወድቅ በጨርቅ ይታጠራል። የደከመ ሰው መጥፎ ውሳኔ ይወስናል፤ ብዙ የባሕር ችግር የሚጀምረው በነፋስ ሳይሆን በድካም ነው።

ነፋሱ ቀድሞ ሲመጣ

የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ አየሩ አንዳንዴ ከትንበያው ይቀድማል። ያኔ የመጀመሪያው ሥራ ሸራን መቀነስ ነው። ዋናው ሸራ በከፊል ይወርድና ይታሰራል፤ የፊቱ ይጠቀለላል። መቼ? መርከበኞች የሚመክሩት "ልቀንስ ይሆን?" የሚል ሐሳብ ገና ብቅ ሲል ነው። ነፋሱ ከከበደ በኋላ ያው ሥራ በሚዘል ጀልባ ላይ በጣም አደገኛ ይሆናል።

ሁለተኛው ራስን ማሰር ነው። በጀልባዋ ላይ ከፊት እስከ ኋላ ጠንካራ ገመድ ይዘረጋል፤ ሰዎቹ የደኅንነት ቀበቷቸውን እዚያ ላይ ያያይዛሉ። ምክንያቱን ስሌቱ ይነግረናል። በ6 ኖት የምትሄድ ጀልባ በሰከንድ 3 ሜትር ትርቃለች፤ ሰው ወድቆ አንድ ደቂቃ ቢያልፍ በመካከላቸው 185 ሜትር ይሆናል። በሞገድ መካከል የሰውን ራስ ከዚያ ርቀት ማየት ከባድ ነው፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ከቶ የማይታሰብ ነው።

ሦስተኛው ባሕር ላይ መቆም ነው። የፊቱ ሸራ በተቃራኒው ጎን እንዲሞላ ይደረጋል፤ መሪውም በተቃራኒ ይታሰራል። ሁለቱ እርስ በርስ ሲጣሉ ጀልባዋ ትቆማለች ማለት ይቻላል፤ ወደ ጎን በዝግታ ትንሸራተታለች፣ መናወጡም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ መብላት፣ ማረፍ፣ ማሰብ ይቻላል። ከዳርቻና ከኮራል በቂ ርቀት እስካለ ድረስ፣ ወደብ በሌለበት መጠበቅ የሚቻልበት መንገድ ይህ ነው።

መጠበቅ የተነፈጋቸው

ባለፉት ዓመታት በቀይ ባሕር የሚያልፉ የሸራ ጀልባዎች በጣም ቀንሰዋል። መጀመሪያ የሶማሊያ የባሕር ላይ ዘረፋ፣ ከእ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2023 ወዲህ ደግሞ የየመን ሁቲ ታጣቂዎች በመርከቦች ላይ የሚያደርሱት ጥቃት ብዙዎችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ዙሪያ መልሷል። ተጓዦቹ መንገዱ ሲከፋ ሌላ መንገድ መርጠዋል። እዚህ ድረስ ያየነው ነገር ሁሉ ወደዚህ ይመጣል፦ በባሕር ላይ የደኅንነት መሠረቱ መቼ እንደምትነሣ ራስህ መወሰን መቻልህ ነው።

በዚያው በእንባ በርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ግን ሌላ ጉዞ አለ። በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ ከጂቡቲና ከሶማሊያ ጠረፍ ወደ የመን በደላሎች ጀልባ ይሻገራሉ፤ የሚመለሱትም በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በጂቡቲ አጠገብ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በእያንዳንዱ አደጋ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በእነዚህ ጀልባዎች ከታች የሚመልስ ክብደት የለም፤ የሚቀነስ ሸራ፣ የሚያያዝ ቀበቶ፣ በቂ ውሃም የለም። ከሁሉ የሚከፋው የመነሻው ሰዓት የተሳፋሪው አለመሆኑ ነው። ደላላው የሚያየው ጠባቂ አለመኖሩን እንጂ የነፋሱን አቅጣጫ አይደለም። "ነፋሱ ይለፍ" የሚል ተሳፋሪ የሚሰማው የለም።

መልሕቅ፣ ስንቅ፣ ትንበያና ልምድ ያላቸው ባልና ሚስት ያን ባሕር ፈርተው ስድስት ቀን ይቆማሉ። ፍርሃታቸው እውቀት ነው። ልጅህ፣ እኅትሽ፣ የሰፈራችን ወጣት "አንድ ሌሊት ናት፣ ትታለፋለች" ሲል ከሰማን ይህን እንንገረው። ባሕሩን የሚያውቁት ሰዎች እንኳ የማይደፍሩት ሌሊት አለ፤ በዚያ ጀልባ ላይ ደግሞ ሌሊቱን የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው።